የግማሽ ቀን ሀብታም

በዚህች ከተማ ውስጥ ሀብታም ሆኜ አውቃለሁ። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ከበርኩ፤ ምሳ ሳልበላ ደኸየሁ። የማወጋችሁ በመካከሉ ያለፈውን ነገር ነው። ሀብት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ያልሞከረ ደሃ ካለ አጠገቤ ይቀመጥና ይጽናና።

አስቀድሜ ንብረቴን ላሳውቅ። አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና ሲፈልግ የሚዞር፣ ሳይፈልግ የሚያኮርፍ ቬንትሌተር አለ። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከአራቱ የትኛውን አብልጬ እንደምወድ ይገባዋል። የምሠራው በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የንብረት ክፍል ነው። ይህም ማለት ቀኑን ሙሉ የእኔ ያልሆነ ነገር ስጠብቅ እውላለሁ ማለት ነው። ከረጢት ቢጎድል ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ቢሞላ ግን ለእኔ የሚተርፈኝ ልብሴ ላይ ያረፈው ዱቄት ብቻ ነው። እሱንም በር ላይ አራግፌ ነው የምወጣው።

እትዬ ዘነቡ አከራዬ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የግቢውን ክፍሎች እያከራዩ የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ጸሎት የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ቀሚሳቸውን ያየ ሰው ምስኪን ይላቸዋል፤ ሳሎናቸውን ያየ ግን ቃሉን ይመልሳል። ደግ ናቸው፤ ብቻዬን መሆኔን እያዩ ወጥ ይልኩልኛል። ክፋታቸው አንድ ነው። ከእኔ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ወደ ሰማይ ያዩና «ይቺን ክፍል የሚጠይቀኝ ሰው ብዛቱ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የተባልኩትን ከማድረግ ሌላ ምርጫ ኖሮኝ አያውቅም። ይህን በመሰለ ዋጋ በዚህ ከተማ ሌላ ክፍል እንደማላገኝ እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

አሁን ደግሞ ሌንሴ። ሌንሴ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። ለመጋዘኑ ጓጉንቸር ቁልፍ ልገዛ ሄጄ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካችን ስንት ጓጉንቸር እንደገዛ አትጠይቁኝ። ነገሩ ሲጠና ሽማግሌ ወደ አባቷ ወደ ኦቦ ገመቹ፣ ወለንጪቲ፣ ላክሁ። ኦቦ ገመቹ ሽንኩርት አምራች ናቸው። ደመናንም፣ ነጋዴንም፣ አማች ልሁን የሚልንም ሰው የሚያዩት በአንድ ዓይነት ጥርጣሬ ነው። አይፈረድባቸውም። የሌንሴን ታላቅ እህት የጠየቀ አንድ ጎረምሳ በአይሱዙ መጥቶ ነበር። መኪናው የራሴ ነው ብሎ ተናገረ፤ ድግሱ ሲጠነሰስ የመኪናው ባለቤት መኪናውን ፍለጋ ወለንጪቲ ድረስ መጣ። ስለዚህ ለእኔ ሽማግሌዎች የተሰጠው መልስ አጭር ነበር።

«ደሃ ከሆነ ደሃ ነኝ ይበለኝ፤ ለደሃ ልጄን እሰጣለሁ። ለውሸታም ግን ጥጃም አላስጠብቅም።»

ሽማግሌዎቼም እውነቱን ተናገሩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ቬንትሌተሩን ረስተውታል፤ ያችን የምታህል ውሸት ፈጣሪም ይቅር ይላል ብዬ ዝም አልኩ። ኦቦ ገመቹ «አንድ ቀን ሄጄ በዓይኔ አየዋለሁ» አሉ። የትኛው ቀን እንደሆነ አልተናገሩም።

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ፍሪጅ ቆሟል። ከፍሪጁ ጀርባ ሁለት የቀን ሠራተኞች፣ ከእነሱ ጀርባ እትዬ ዘነቡ።

«በሩን ሰፋ አድርገው ልጄ» አሉኝ።

«ምን መጣ እትዬ?»

«ሀብት ቆጣሪ መጣ።»

ነገሩን ከጎረቤት ሰምተውታል። ቆጣሪዎቹ በየቤቱ እየዞሩ ማን ምን እንዳለው፣ ማን ምን እንደሚያገኝ ይጠይቃሉ። በሀብታምና በደሃ መካከል ያለውን ልዩነት እንለካለን ይላሉ።

«ይለኩ እንጂ» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን በእኔ ፍሪጅ አይለኩም። ዛሬ ፍሪጅ አላት ብለው ይጽፋሉ፣ ነገ ግብሩን ጨምረው ይመጣሉ። አንተ ተከራይ ነህ፤ አንተን ማን ይነካሃል?»

«እትዬ፣ ጥናት ከሆነ ከግብር ጋር የሚያገናኘው ነገር…»

ወደ ሰማይ አዩ።

በሩን ሰፋ አደረግሁት።

ከፍሪጁ በኋላ ቴሌቪዥኑ ገባ። ከቴሌቪዥኑ በኋላ ቡፌው። ከዚያ ሶፋው፣ ያ ማዕዘን የሚዞረው። ከዚያ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ። ከዚያ ምንጣፉ፤ ምንጣፉን ለማንጠፍ ወለል ስላልቀረ ተጠቅልሎ እንደ ምሰሶ ጥግ ላይ ቆመ። አልጋዬ በጎኑ ተገንድሶ ከቡፌው ኋላ ተደበቀ። ጠረጴዛዬና ወንበሬ የሚቆሙበት አጥተው ወደ እትዬ ዘነቡ ሳሎን ተወሰዱ። «ለእኔ ይበቁኛል» አሉ እትዬ፣ እንደ መናኝ። በመጨረሻ ዳር ዳሩ ወርቅ የተቀባ ትልቅ ፎቶግራፍ መጥቶ ግድግዳዬ ላይ ተሰቀለ። እትዬ ዘነቡ የተሞሸሩ ዕለት የተነሱት ነው፤ ቬል የደፋች ፍንጭት ልጅ። ሙሽራው ዳር ላይ በጥላ ስለተዋጠ የሚታየው ትከሻው ብቻ ነው። ፎቶው ሀብት ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ «ፍሬሙን አታየውም እንዴ» ተባልኩ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ክፍሌ ያላት ሶኬት አንድ ናት። እትዬ ዘነቡ የስኳር መርፌ መድኃኒታቸውን ፍሪጁ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ ስለዚህ ፍሪጁ መሥራት አለበት፣ ስለዚህ ቬንትሌተሬ ተነቀለ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የሰው ፍሪጅ ግን ያሞቃል። ከጀርባው የሚወጣው ትኩሳት፣ ከላይ የቆርቆሮው፣ ከጎን የሶፋው ቬልቬት ተባብረው፣ ሀብታም በሆንኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ።

ስልኬ ጮኸ። ሌንሴ ነች።

«አባዬ ከወለንጪቲ መኪና ተሳፍሯል። ወደ አንተ ነው። እኔም አሁን ነው የሰማሁት።»

መቀመጥ ፈለግሁ፤ ሶፋው ላይ መቀመጥ ግን ፈራሁ። ወደ እትዬ ዘነቡ ሳሎን ሮጥኩ። በባዶው ሳሎን መሀል፣ በእኔ ወንበር ላይ፣ ያረጀ ነጠላ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋቸው ምጽዋት ያሰጣሉ።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ዕቃውን ይመልሱልኝ። አማቴ እየመጡ ነው። ምንም የለኝም ብዬአቸዋለሁ።»

«ታዲያ ቢኖርህ ይጠላሉ?»

«ውሸታም ይሉኛል።»

«ሠራተኞቹ ሄደዋል፤ ቆጣሪዋ ልጅም ጎረቤት ግቢ ገብታለች። አሁን ፍሪጅ በአደባባይ ላሻግር? አማት ይታገሣል፤ ግብር አይታገሥም።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ማንሳት ሲጀምሩ ሳያደርሱት ተመልሼ ወጣሁ።

የግቢው በር ላይ ቆጣሪዋን አገኘኋት። ባርኔጣ ያደረገች፣ ታብሌት በጉያዋ የያዘች፣ ከአቧራው ብዛት ቅንድቧ የነጣ ልጅ ናት። ሀዊ እባላለሁ አለችኝ። ወደ ክፍሌ አስገባኋት። ዙሪያውን አየች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ የምቀመጥበት ሌላ ቦታ ስለሌለ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ በሰው ሶፋ ላይ ሁለታችንም እንደ እንግዳ ፊት ለፊት ወደ ፍሪጁ እየተመለከትን።

«አንድ ነገር ላስረዳዎት» አለች። «የሀገሩን ሰው ሁሉ ከደሃው እስከ ሀብታሙ በአንድ ሰልፍ አቁመነዋል ይበሉ። ከዚያ ከሀብቱ ምን ያህሉ ከሰልፉ ፊት፣ ምን ያህሉ ከኋላው እንደሆነ እናያለን። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቦታ ከቆመ ነው። የሚነግሩኝ ነገር ከእኔ አያልፍም። ማንም አይሰማውም።»

ይህን ስትል ከመስኮቴ ሥር ድስት የሚፈገፈግበት ድምፅ መጣ። እትዬ ዘነቡ ናቸው። ድስቱን ለማጠብ ከግቢው ሁሉ መርጠው መስኮቴ ሥር ተቀምጠዋል።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ሀገር ሰልፉ ላይ በራሱ ቦታ የሚቆም ሰው ማን ነው? የፋብሪካችንን ባለቤት ሥራ እንዴት ነው ብትሉት ሞቻለሁ ይላችኋል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ለጓደኛው ሠርግ ኮት ተውሶ፣ ጫማ ተውሶ፣ ሽቶ እንኳ ከሰው ተቀብቶ ይሄዳል። ያለው እንዳይጠየቅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የሌለው እንዳይናቅ ወደ ፊት ይጋፋል። ይቺ ልጅ ይህን ሰልፍ በታብሌት ልታስተካክል ነው የመጣችው። አዘንኩላት፤ ከራሴ ግን አላስበለጥኳትም።

«የቤተሰብ ብዛት?»

«አንድ።»

«ያገቡ ነዎት?»

«አላገባሁም።»

ቀና ብላ ባለ ቬሏን ሙሽራ አየች። ከሙሽራዋ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሙሽራዋ። ዘመድ ናት አልኩ። ድስቱ ዝም አለ፣ ከዚያ እንደገና ጀመረ።

«ፍሪጅ አለዎት?»

ፍሪጁ ራሱ አጉረመረመ።

«በቤቱ ውስጥ ይገኛል» አልኩ። የንብረት ክፍል ሰው በጨነቀው ጊዜ አነጋገሩ እንደ ደረሰኝ ይሆናል።

«የእርስዎ ነው?»

«በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው።»

«የራስዎ ንብረት ነው ወይ ማለቴ ነው።»

ድስቱ በኃይል ተፈገፈገ። «አዎ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ቴሌቪዥን፣ አዎ። ሶፋ፣ ይኸው ተቀምጠንበታል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ አዎ። ውኃው ከየት ይገባለታል ስትለኝ፣ ቧንቧው ገና ይዘረጋል አልኩ። ደመወዜን ስትጠይቀኝ ግን እውነቱን ነገርኳት፤ ስለ እሱ እትዬ ዘነቡ ያዘዙኝ ነገር አልነበረም። ደመወዙን ስታስገባ ታብሌቱ ጢጥ አለ። ደግማ አስገባች፤ ደግሞ ጢጥ አለ።

«አልቀበልም አለኝ» አለች። «ገቢዎና ንብረትዎ አልተገናኙም። ሌላ ገቢ አለዎት?»

«የለኝም።»

«የሚሠሩት የት ነው አሉኝ?»

«ዱቄት ፋብሪካ። ንብረት ክፍል።»

ጫማዬን አየችው። ጫማዬ ላይ ዱቄት ነበር። ሌባ አላለችኝም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ግን ጣቷ ታብሌቱ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በዚያች ጸጥታ ውስጥ እኔ በሐሳቤ ተከስሼ፣ ተፈርዶብኝ፣ ሌንሴ እስር ቤት ብርቱካን ይዛልኝ ስትመጣ አየሁ። ላብ በአፍንጫዬ ጫፍ ተንጠባጠበ። ከእሱ ቀጥሎ በሩ ላይ ጥላ አረፈ።

ኦቦ ገመቹ ናቸው። የሽንኩርት ጆንያ ትከሻቸው ላይ፣ ከዘራ እጃቸው ላይ።

«አካም ጅርታ» አሉኝ። ድምፃቸው ሰላም ነበር፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ አልፎ ሄዷል።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ኦቦ። ይግቡ፣ ይግቡ። ይቀመጡ።»

ገቡ። ሶፋውን አዩት። ጆንያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሩ አጠገብ አስቀመጡና፣ ሶፋውን ትተው ጆንያው ላይ ተቀመጡ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ፊቱን ሲያዞርብኝ አይቻለሁ፤ የሽንኩርት ጆንያ ላይ የተቀመጠ አማት ያህል ግን ልቤን ያራደው የለም።

ሀዊ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ይህ ጥያቄ ለብቻ ነው የሚደረገው» አለቻቸው።

«እንግዳ ነኝ ልጄ። በዚህ ፀሐይ የት ልሂድ?» አሉ። «ቀጥይ። እኔም ልጠይቀው የመጣሁት ያንኑ ነው።»

ምን ታድርግ፤ ቀጠለች። በሳምንቱ ውስጥ በስጦታ ያገኙት ምግብ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሦስታችንም ጆንያውን አየን። «ገና አልሰጠሁትም» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ሳይነሱ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ።

«ይቺ ሴት ማን ናት?»

ለሀዊ ዘመድ ናት ብያለሁ። ለእሳቸው ሽማግሌዎቼ ዘመዶቼን አንድ በአንድ ቆጥረውላቸዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን አንዲቷንም ሳላገባ ሁለት ሚስት ሊቆጠርብኝ ነው።

መልስ ስፈልግ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነቡ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደው፣ እንደ በሽተኛ ጎንበስ ብለው ገቡ። መርፌ የሚወጉበት ሰዓት ደርሷል፤ ይህን እንኳ ሊያሳልፉት አይችሉም።

«ልጄ፣ ያቺን መድኃኒቴን ከፍሪጅህ ላውጣ» አሉ። ለሀዊ ብለው «ከፍሪጅህ» የምትለዋን ጫን አድርገው ተናገሯት። «እግዜር ይስጠው፣ ደሃ ነሽ ሳይል ያስቀምጥልኛል።»

ኦቦ ገመቹ ተነሱ። ጆንያውን በአንድ እጃቸው አነሱት።

«ሽማግሌዎችህ አንድ አልጋ አለው ነበር ያሉኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ፍሪጅ አየሁ፣ ቴሌቪዥን አየሁ፣ ሚስትም አየሁ። አልጋውን ግን አላየሁትም። ያኛው በአይሱዙ መጣ፤ አንተ በፍሪጅ መጣህ። ነጋቲ።»

ደህና ሁን ማለታቸው ነው። አንድ እግራቸው ደጅ ነበር።

እዚህ ላይ ላቁምና ልንገራችሁ። ያቺን ክፍል እወዳት ነበር። ከሥራ ቅርብ ናት፤ ኪራይዋ ለእኔ ደመወዝ የተሰፋች ናት። ያለ እሷ ወይ ከከተማ ወጥቼ በባጃጅ መመላለስ፣ ወይ ከሦስት ሰው ጋር መዳበል ነበር ዕጣዬ። ይህን ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ አሰብኩ። ከዚያ ሌንሴ ጓጉንቸር ስትሸጥልኝ ቁልፉን ሁለቴ አስከፍታ፣ ሁለቴ አስዘግታ ካልፈተነችው እንደማትሰጠኝ አሰብኩ። አባቷን ነው የመሰለችው። ክፍል ተፈልጎ ይገኛል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አንዴ ከሄዱ አይመለሱም።

«ኦቦ፣ ይቁሙልኝ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ሀዊ፣ ያልኩሽን ሰርዢው። ፍሪጁ የእኔ አይደለም። ሶፋው የእኔ አይደለም። ማሽኑም፣ ቡፌውም፣ ይቺ ሙሽራም የእኔ አይደሉም። አልጋዬ ከቡፌው ኋላ በጎኑ ቆሟል። ጠረጴዛዬና ወንበሬ እዚያ ማዶ ሳሎን ውስጥ ናቸው። የተነቀለው ቬንትሌተር የእኔ ነው፤ እሱም ለእርስዎ አልተነገረዎትም፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እና የማን ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ያን እንኳ ልናገር አልቻልኩም። እትዬ ዘነቡ መድኃኒታቸውን በእጃቸው እንደያዙ ዓይናቸው ወደ ሰማይ ሊነሳ ደርሷል። ኦቦ ገመቹ ግን እኔን አልጠበቁም። ፎቶግራፉን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በነጠላው ሥር የእትዬ ዘነቡን ፊት አዩ። ድንጋጤ አፋቸውን አስከፍቶት ነበርና ፍንጭታቸው ይታያል።

«እርስዎ ነዎት?»

እትዬ ዘነቡ መካድ ይችሉ ነበር። ሲክዱ ነበር የዋሉት። ግን ሰው ከሀብቱ ይልቅ ውበቱን መካድ ይከብደዋል መሰለኝ፤ ነጠላቸውን ከግንባራቸው ገፋ አደረጉና ወገባቸውን አቀኑ።

«ያን ጊዜ ቀጭን ነበርኩ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም እንፈራ ነበር። ያሉት ነገር ለራሳቸው ሲሰማቸው ፊታቸው ጠቆረና ወደ እኔ ዞሩ።

«ወር ሲሞላ ክፍሌን ትለቅልኛለህ። አንቺም ጻፊ ልጄ፤ ሁሉም የእኔ ነው። ሂጂና ለግብር ሰብሳቢው ንገሪ።»

ሀዊ ግራ ገብቷት ታብሌቷን አየች። «እትዬ፣ እርስዎን የሚመለከት ነገር የለም እኮ። ሁሉም ቤት አይጠየቅም፤ በዕጣ ነው። በዚህ ግቢ ውስጥ ዕጣው የደረሰው ለዚች ክፍል ብቻ ነው። የእርስዎን ቤት ማንኳኳትም አልተፈቀደልኝም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዶሮ ሌባ ይመስለኝ ነበር። እትዬ ዘነቡ ከግቢው ሁሉ መርጠው ንብረታቸውን የደበቁት፣ ልትታይ በተመረጠችው ብቸኛ ክፍል ውስጥ ነው። ቀስ ብለው፣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የገዛ ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ።

«ወደ ግብሩም አይሄድም?» አሉ።

«አይሄድም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ተሸክሞ ይመልስልኛል?»

መልሱ ግልጽ ነበር። ኦቦ ገመቹ ጆንያቸውን አስቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አወለቁ። ሀዊ ደንቡ አይፈቅድም አለች፤ ቀጥላም ባርኔጣዋን አውልቃ የፍሪጁን ጥግ ያዘች። ስንወጣ የግቢው ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ነበር። «በዕዳ ተይዞበት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዕቃዬን የሚወርሱት አማቴና መንግሥት መሆናቸው ነው።

ፍሪጁን መሀል መንገድ ላይ አሳርፈን ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ ሀዊ ላቧን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ለማንም አይንገሩብኝ» አለችኝ። «እኔም ተከራይ ነኝ። ባለፈው የሥራ ባልደረባዬ የእኛን ሰፈር ሲጠይቅ ውሎ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ፍሪጅ አገኘ። አንዱ የአከራዬ ነው። የሌላውን ባለቤት እስካሁን አላወቅሁም።»

ስንጨርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። እትዬ ዘነቡ ምንጣፋቸውን አስተካክለው ወደ ደጅ ወጡ። ክፍሉን ልቀቅ ያሉኝን ነገር «ቆይተን እንነጋገርበታለን» አሉ። እስከ ዛሬ እየተነጋገርንበት ነው። ማታውኑ ግን ወጥ ልከውልኛል።

ክፍሌ ተመልሳ ሰፋች። አልጋዬ በእግሩ ቆመ፣ ቬንትሌተሩ ተሰካ፣ ሁለቴ አኩርፎ ዞረ። ያለችኝን አንዲት ወንበር ለኦቦ ገመቹ ሰጠሁ፣ ሀዊ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ሽንኩርቱ ላይ። ኦቦ ገመቹ አልጋውን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ የተቀመጡበትን ወንበር በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ፈተኑት። አንድ እግሩ እንደሚነቃነቅ አውቃለሁ። ፍሪጁን የተሸከምኩበት ጊዜ ይሻለኝ ነበር።

ሀዊ ታብሌቷን ከፈተች። «ከመጀመሪያው ልጀምር» አለች። «የቤተሰብ ብዛት?»

«አንድ» አልኩ።

«ሁለት በያት» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ጣቷ ቆመ። ሀዊ ግን ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት ብያችኋለሁ፤ ራሷን ነቀነቀች።

«አባቴ፣ የምመዘግበው ዛሬ ያለውን ብቻ ነው። ሠርጉ መቼ ነው?»

«ሽንኩርቱ ከማሳው ሲነሳ።»

«እንግዲያው ዛሬ አንድ ነው።»

ኦቦ ገመቹ አሰቡበት። አፈራረዷ ትክክል ነው እንደሚል ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እሺ፣ አንድ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ግን በእርሳስ ይሁን።»

ታብሌት ላይ በእርሳስ እንደማይጻፍ ሀዊም እኔም እናውቃለን። ሁለታችንም አልነገርናቸውም።